የኒውክሌር ተቃውሞ ሰልፍን ፎቶ ማንሳት፦ ጎጃም ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ላይ ፎቶ ማንሳት የሚማሩ ወጣቶች ደጋግመው ከሚጠይቁኝ የመረጥኳቸው ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

የኒውክሌር ተቃውሞ ሰልፍ ከሌላ ሰልፍ በምን ይለያል?

ሰዎች የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይሠራ፣ እንዳይሞከር፣ ያለውም እንዲወገድ በእግራቸው ሄደው የሚጠይቁበት ሰልፍ ነው። በጣም የታወቀው የእንግሊዞቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በእነሱ ፋሲካ ሰሞን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከለንደን ወደ አልደርማስተን፣ ቦምቡ ወደሚሠራበት ቦታ፣ አራት ቀን ተጓዙ። መንገዱ 83 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ዳር ዳንግላ በእግር እንደ መሄድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 1982 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ወጥቷል።

ለፎቶ አንሺ ትልቁ ልዩነት ግን የሰው ብዛት አይደለም። የሚቃወሙት ነገር ፊታችሁ የለም። የውኃ ችግር ሰልፍ ላይ ባዶ ጀሪካን ታገኛላችሁ። የመንገድ ጥያቄ ከሆነ ጭቃው ራሱ ይናገራል። ቦምቡ ግን ባሕር ማዶ ነው፤ ማንም አያየውም። ሰው ለምን እንደወጣ የሚያሳያችሁ ፊቱ፣ እጁ፣ የያዘው ወረቀትና ከፎቶው ሥር የምትጽፉት መግለጫ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጎጃም ተቀምጠን ስለ ኒውክሌር ምን አገባን?

ሰልፍ ሲያልፍ ከዳር ቆመው የሚያዩ ሰዎችም ይህንኑ ይጠይቁኛል። ያገባናል። በ1928ቱ ወረራ ጣሊያን በሕዝባችን ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ አዝንቧል። እ.ኤ.አ. በ1925 የጄኔቫው ስምምነት የከለከለው መሣሪያ ነበር። የተከለከለ መሣሪያ ከሰማይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ለእኛ ሰው ሌላ አገር ሄዶ ማስረዳት አያስፈልግም።

ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ቁጥር 1653ን አጸደቀ። በኒውክሌር መሣሪያ የሚጠቀም አገር የድርጅቱን ቻርተር ይጥሳል፤ በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ ወንጀል ይፈጽማል ይላል። ሐሳቡን ካቀረቡት አገሮች ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ነበረች። 55 አገሮች ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ይህን ሳነብ በጣም ነው የኮራሁት።

አፍሪካም ከዳር አልቆመችም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1960 የመጀመሪያ ቦምቧን የሞከረችው አልጄሪያ ውስጥ፣ ሰሃራ በረሃ ላይ ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ከአክራ የተነሳ ቡድን ወደ ሙከራው ቦታ ሄዶ በአካል ሊያስቆም ሞክሮ ነበር። ዛሬ አህጉሩን ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ ያደረገው የፔሊንዳባ ስምምነት አለ። ኢትዮጵያም አባል ናት።

ስልክ ይበቃኛል ወይስ ካሜራ መግዛት አለብኝ?

ስልክ ይበቃል። ለመጀመሪያ ሰልፍ እንዲያውም ስልክ ይሻላል፤ ሰው አይደነግጥም፣ ራሳችሁም ቀለል ብላችሁ ትንቀሳቀሳላችሁ። ዙም ብቻ አታድርጉ። በጣት የሚጎተተው ዙም አብዛኛውን ጊዜ ምስሉን ቆርጦ ማሳደግ ነው፤ ጥራቱን ይገድለዋል። በእግር ቅረቡ።

ካሜራ ያላችሁ አንድ 35 ሚሊ ሜትር ወይም 24-70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያዙ። ሹተር ስፒዱን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ፍጥነት፣ ከ1/250 ሰከንድ አታውርዱት፤ የሚራመድ ሰው እግሩ እንዳይደበዝዝ። ባትሪ ትርፍ፣ ሜሞሪ ካርድ ትርፍ፣ ፓወር ባንክ። በቃ።

እንዲህ ዓይነት ሰልፍ በየትኞቹ ቀኖች ይደረጋል?

ሁለቱ ዋና ቀኖች ሐምሌ 30 እና ነሐሴ 3 ናቸው። ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ የተጣለው ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም ነው፤ ናጋሳኪ ላይ ደግሞ ነሐሴ 3። የተባበሩት መንግሥታት የኒውክሌር መሣሪያ ጨርሶ የሚወገድበት ቀን ብሎ የሰየመው ሴፕቴምበር 26 ነው። ይህ ቀን አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 16 ላይ ይውላል። ደመራ ማለት ነው። ያን ዕለት እኛ ጋ ለሌላ ነገር የሚተርፍ ሰው የለም። ስለዚህ ልጆች ሰልፍ ሲያስቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣላቸው ሐምሌ 30 ነው።

ሐምሌ ላይማ ዝናብ ነው! እንዴት ነው የማነሳው?

አዎ፣ በጎጃም ክረምት ደረቅ ቀን አትጠብቁ። አንድ ንጹሕ ፌስታል ውሰዱ። ሥሩን ለሌንሱ መጠን ቅደዱና በላስቲክ እሰሩት። ካሜራው ውስጥ ይቀመጣል፣ እጃችሁ ከኋላ ይገባል። ሌንስ መጥረጊያ የጥጥ ጨርቅ ደረት ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ቦርሳ ውስጥ ከሆነ ስታወጡት ሰልፉ ያልፋል። ዝናብ ላይ ሌንስ አትቀይሩ። ሻይ ቤት ገብታችሁ ከተጠለላችሁ ደግሞ ሌንሱ በእንፋሎት ይሸፈናል፤ ለጥቂት ደቂቃ ካሜራውን ከቦርሳ አታውጡት።

ዝናቡን ግን እንደ ጠላት አትዩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የተማሪዎች የሰላም ክበብ ወደ ጣና ዳር ሲሄድ አብሬ ነበርኩ። አርባ ሰው አይሞሉም። ግማሽ መንገድ ላይ ዶፍ ወረደ። አንዲት ልጅ ካርቶን ላይ በማርከር «ሂሮሺማ አይደገም» ብላ ጽፋለች። ቀለሙ መፍሰስ ጀመረ። «ሂሮሺማ» የሚለው ወርዶ ወርዶ ጣቶቿን ሰማያዊ አደረገው። ልጅቷ ነጠላዋን አውልቃ ካርቶኑን ሸፈነችው። ራሷ እየበሰበሰች ነው። ያን ቀን ካነሳሁት ሁሉ የቀረችኝ እሷ ናት፦ እርጥብ ነጠላ፣ ከሥሩ የሚታይ ፊደል፣ ሰማያዊ ጣት። ቦምቡ የማይታይ ከሆነ ለሰዎቹ ምን ያህል ክብደት እንዳለው እንዲህ ባለ ነገር ነው የሚታየው።

ስንት ሰዓት ላይ ያለው ብርሃን ይሻላል?

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ። በሐምሌ መጨረሻ ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ በቀትር ከአናት በላይ ናት ማለት ይቻላል። ደመና ከሌለ የሰው ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ባርኔጣ ያደረገማ ፊቱ ጨርሶ ይጠፋል።

ሰልፉ ግን የእናንተን ሰዓት አይጠብቅም። ቀትር ላይ ከሆነ የዛፍ ጥላ ያለበት ቦታ ቀድማችሁ ቁሙ። ጃንጥላ የያዙትን ፈልጉ። ሰው ነጭ ወረቀት ደረቱ ላይ ሲይዝ ወረቀቱ ብርሃን ወደ ፊቱ ይመልሳል፤ ያቺን ቅጽበት አትለፏት።

ሁሉም ጋቢና ነጠላ ለብሷል፤ ፎቶዬ ላይ ፊታቸው ለምን ይጠቁራል?

ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ይሄ ነው። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ፍሬሙ በነጭ ሲሞላ «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ያጨልመዋል። ጋቢው ግራጫ ይሆናል፤ ፊቱም ጠቁሮ ይጠፋል። የምናመሰግነው ጠይም መልክ በዚህ መንገድ ሲበላሽ በጣም ያናድደኛል። ሠርግ ላይ፣ ጥምቀት ላይ፣ ሰልፍ ላይ፣ ሁሌም ያው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ካሜራ ላይ የፕላስና ማይነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ፈልጉ፤ ወደ ፕላስ ግማሽ ወይም አንድ ውሰዷት። ስልክ ላይ ፊቱን በጣት ንኩና የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ግፉ። መለኪያችሁ ፊቱ ይሁን፤ ጋቢው አይደለም። ከዚያ ጥለቱን ተመልከቱ። የጥለቱ ቀለም ከታየ፣ የነጩም ድርና ማግ ካልጠፋ ልክ ናችሁ። ነጩ ባዶ ወረቀት ከመሰለ ትንሽ መልሱት።

አርትዖት ላይ ፊት ማፍካት ይቻላል። ግን ልክ ይኑረው። የሰው መልክ መቀየር የለበትም።

የት ነው መቆም ያለብኝ?

መንገዱን ከአንድ ቀን በፊት በእግራችሁ ሂዱበት። ቁልቁለት የት አለ፣ መታጠፊያው የት ነው፣ ሰልፉ የት ጋ ቆሞ ንግግር ያደርጋል። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነ ከፍ ያለ ቦታ ማግኘት ይቸግራል፤ የአንድ ካፌ ፎቅ በረንዳ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ከዚያ ከሰልፉ ፊት ሃያ እርምጃ ቀድማችሁ፣ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ አንሱ። ወደ ኋላ ስትሄዱ ቦይ እንዳትገቡ ጓደኛ ከኋላ ትከሻችሁን ይያዝ። መፈክሩ ሙሉ ለሙሉ የሚነበብበትን ጥቂት ፎቶ ያዙ። ከዚያ በኋላ ፊቱን ትታችሁ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ሂዱ። ወደ ኋላ የቀሩት አዛውንቶች፣ ጫማው የተበጠሰበት ልጅ፣ ባጃጁን አቁሞ የሚያነብ ሹፌር። ሁሉም ፎቶ አንሺ ፊት ለፊት ነው የሚሰበሰበው፤ ጥሩው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጭራው ላይ ነው።

ያ ክብ ውስጥ መስመር ያለበት ምልክት ምንድን ነው?

ጄራልድ ሆልተም የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1958 ለዚያው ለአልደርማስተን ጉዞ የሠራው ነው። መርከበኞች በሁለት ባንዲራ ፊደል የሚያሳዩበት ዘዴ አለ። «ኒውክሌር» እና «ማስፈታት» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት የሚጀምሩባቸው ሁለት ፊደላት ተደራርበው ነው ምልክቱ የወጣው። ብዙ ሰው ከቲሸርት ላይ ብቻ ያውቀዋል። የወረቀት ወፍ ካያችሁ ደግሞ ከሂሮሺማ የመጣ ነው። ሳዳኮ ሳሳኪ የምትባል ልጅ በሁለት ዓመቷ ቦምቡ ደረሰባት። በአሥራ ሁለት ዓመቷ በደም ካንሰር ሞተች። ሆስፒታል ተኝታ የወረቀት ክሬን ወፎች ታጥፍ ነበር።

አባቶች ዱላ ይዘው ነው የሚወጡት፤ ፎቶው ላይ ጠብ አይመስልም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛ ጋ ሽማግሌ ያለ ዱላ አይወጣም፤ ዱላው ልብሱ ነው። ጎጃምን የማያውቅ ሰው ግን ከፍ ያለ ዱላ፣ የተከፈተ አፍ ካየ ሌላ ነገር ያስባል። በተለይ ቀረርቶ የተጀመረ ጊዜ።

ሰፋ አድርጋችሁ አንሱ። ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከጎኑ የልጅ ልጁን እጅ የያዘ አባት ካያችሁ፣ እሱ ነው እውነቱ። ከፍ ያለችውን ዱላ ብቻ ቆርጣችሁ ካወጣችሁ አልዋሻችሁም፣ ግን አሳስታችኋል። እርጥብ ቅጠል ወይም ሣር የያዘ ሰው ካለ አትለፉት። ሰላም ፈላጊ ሰው ለምለም ይዞ እንደሚወጣ ለእኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ለውጭ አንባቢ ግን በመግለጫው ጻፉለት።

ሰልፈኛው ጥቂት ቢሆንስ? ብዙ አስመስዬ ላንሳው?

አይሆንም። ረጅም ሌንስ ሰዎችን አጠጋግቶ አርባውን አራት መቶ ሊያስመስላቸው ይችላል። አታድርጉት። ቢያንስ አንድ ፎቶ ትክክለኛውን መጠን ያሳይ። አርባ ሰው በዶፍ ዝናብ መሄዱ ራሱ ታሪክ ነው።

ለማንሳት ፈቃድ ያስፈልገኛል?

መጀመሪያ ሰልፉ ራሱ ሕጋዊ መሆኑን አረጋግጡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ አዘጋጆቹ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ያዛል። የማሳወቂያውን ኮፒ ከአዘጋጆቹ ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ። መታወቂያም አትርሱ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አካባቢያችን ያለበትን ሁኔታ እናንተም ታውቃላችሁ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ተደዋወሉ። የት እንዳላችሁ ቤተሰብ ይወቅ። ነገሩ ካላማራችሁ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ክታችሁ ተመለሱ። ድልድይ፣ ካምፕ፣ አውሮፕላን ማረፊያና የጥበቃ ቦታ ፍሬም ውስጥ አታስገቡ። ሰልፉ በእነዚህ አጠገብ ካለፈ፣ እስኪያልፍ ካሜራውን ዝቅ አድርጉ።

ድሮን ባበርስ?

ፈቃድ ከሌላችሁ በፍጹም። አገራችን ውስጥ ድሮን የሚበረው በመንግሥት ፈቃድ ነው። ሕጉ ባይኖር እንኳ፣ በዚህ ጊዜ በጎጃም ሰማይ ላይ የድሮን ድምፅ ሲሰማ ሰው ምን እንደሚሰማው አስቡ። ልጆች ይደነግጣሉ፣ ሰልፉም ይበተናል።

እያንዳንዱን ሰው ማስፈቀድ አለብኝ?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ጉዳይ ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም። የአደባባይ ሰልፍ እዚህ ውስጥ ይገባል። ያው ፎቶ ለማስታወቂያ ከዋለ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሕጉ ይህን ይበል እንጂ እኔ ከቅርብ የማነሳውን ሰው እጠይቃለሁ። ጀማሪ ሳለሁ የአንዲት ተማሪ ፎቶ ሳልጠይቅ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ። ቆንጆ ፎቶ ነበር፤ ብዙ ሰው ወደደው። በሦስተኛው ቀን አጎቷ ሱቄ መጣ። አልጮኸብኝም። «ልጅቷ ለቤት ሳትናገር ነበር የወጣችው፤ አሁን አባቷ ከትምህርት ቤት ሊያስቀራት ነው» አለኝ። ፎቶውን አወረድኩ፤ ግን ስንት ሰው ዘንድ እንደደረሰ ማን ያውቃል? አባቷን ለማግባባት ሽማግሌ ይዤ ሄጃለሁ። ትምህርቷን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ «እማማ ላንሳዎት?»፣ «አያ፣ ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፤ ይሁን?» ሳልል አልወጣም። «ይነሱ» ብቻ አይበቃም። የት እንደሚወጣ ንገሯቸው።

ልጆችንስ?

ወላጅ ወይም መምህር ይጠየቅ። ስም፣ ክፍልና ትምህርት ቤት አትጻፉ። ልጅን ከፍ ያለ መፈክር አስይዛችሁ «ቁም፣ እንዲህ ሁን» አትበሉ። ልጁ የማያውቀውን ነገር እየተናገረ እንዲታይ ማድረግ ነው። ራሱ የጻፈውን ከያዘ ግን፣ ፊደሉ ተገልብጦም ቢሆን፣ ያ የራሱ ነው።

የጸጥታ ሰው «አጥፋው» ቢለኝ ምን ላድርግ?

ካሜራውን ቀስ ብላችሁ ዝቅ አድርጉ። አትሩጡ፣ አትደብቁ። ሰላምታ ስጡና ማን እንደሆናችሁ፣ ለምን እንደምታነሱ በአጭሩ ተናገሩ። የአዘጋጆቹን ወረቀት አሳዩ። አለቃውን በአክብሮት ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያ ይበርዳል። ካልበረደ አትከራከሩ። መሣሪያ ከያዘ ሰው ጋር በመንገድ ላይ ሕግ መጥቀስ ማንንም ጠቅሞ አላየሁም። አጥፉት፤ በኋላ አዘጋጆቹ በሕጋዊ መንገድ ይጠይቁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። የሞላ ሜሞሪ ካርድ ካሜራው ውስጥ አታቆዩ። በየጊዜው ቀይሩ።

የሰውን ፊት ሸፍኜ ላውጣው? ፎቶውን በቴሌግራም ስልከውስ ምን አብሮ ይሄዳል?

ጥርጣሬ ካለ ሸፍኑ። ሲሸፈን ግን በብዥታ ሳይሆን ድፍን ባለ ቀለም ይሁን። ቀለል ያለ ብዥታ አንዳንዴ ተመልሶ ሊነበብ ይችላል። ከዚህ የሚሻለው ግን ከመጀመሪያው ፊት የማይታይበት ፎቶ ማንሳት ነው። ከጀርባ የታየ ነጠላ፣ መፈክር የጨበጠ እጅ፣ ጭቃ ላይ የተሰለፈ የእግር ዱካ። ፊት የሌለው ፎቶ ደካማ ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም።

ፎቶ ውስጥ የተነሳበት ሰዓትና ቦታ ተደብቆ ይቀመጣል። የካሜራውን የቦታ መዝገብ ከሴቲንግ አጥፉት። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኩ መረጃው ይራገፋል፤ ጥራቱም ይቀንሳል። እንደ ፋይል ስትልኩ ጥራቱ ሙሉ ነው፤ መረጃውም አብሮ ይሄዳል። ለጋዜጠኛ ፋይል ስትልኩ ይህን አስታውሱ።

መግለጫው ላይ ምን ልጻፍ? ሰልፉ የቦምብ ነው የኤሌክትሪክ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኒውክሌር መሣሪያ አንድ ነገር ነው፤ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ሌላ። በሁለቱም ውስጥ የሚሠራው አቶም መሰንጠቅ ቢሆንም ጥያቄያቸው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2025 ኢትዮጵያ የኒውክሌር ማመንጫ ለመገንባት ከሩሲያ ጋር የትብብር ሰነድ ፈርማለች። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው «ኒውክሌር አንፈልግም» የሚል ፎቶ ቢያይ ማመንጫውን የሚቃወሙ ሊመስለው ይችላል። ቦምቡን የሚቃወም፣ መብራቱን ግን የሚፈልግ ሰው ሞልቷል። ሁለቱንም የሚቃወምም አለ። ሰልፈኞቹን ጠይቁ፤ እናንተ አትወስኑላቸው።

መግለጫው አጭር ይሁን፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን። «ሰልፈኞች በባሕር ዳር» አይበቃም። «የሂሮሺማን መታሰቢያ ለማክበርና የኒውክሌር መሣሪያ እንዲወገድ ለመጠየቅ ሐምሌ 30 ወደ ጣና ዳር የተጓዙ ተማሪዎች» ቢባል ግን ሰው ይገባዋል። ለውጭ አንባቢ ከሆነ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ፎቶው ከአገር ሲወጣ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነቱ ያሳስታል።

እኔም በጉዳዩ አምናለሁ፤ ፎቶ አንሺ ልሁን ወይስ ሰልፈኛ?

ሁለቱንም መሆን ይቻላል፤ በአንድ ጊዜ ግን ከባድ ነው። ካሜራ ይዛችሁ መፈክር ከጮኻችሁ የማይስማማችሁን አታነሱም። ከዳር ቆሞ የሚሳለቅ ሰውም የዚያ ቀን አካል ነው። እኔ ካሜራ በያዝኩ ቀን አልጮህም። ካሜራ ባልያዝኩ ቀን እሄዳለሁ።

ሰው ሲያለቅስ ላንሳ ወይስ ልተው?

ዮሺቶ ማትሱሺጌ የሂሮሺማ ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ነበር። ቦምቡ በወደቀበት ቀን ቤቱ ከመሐሉ ሦስት ኪሎ ሜትር አይርቅም። ካሜራውን ይዞ ወጣና ሚዩኪ ድልድይ ላይ የተቃጠሉ ሰዎችን አገኘ። ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ማንሳት አልቻለም። ከዚያ አንድ አነሳ። ሁለተኛውን ሊያነሳ ሲል እንባው የካሜራውን ማያ ጋረደበት። ቀኑን ሙሉ ዞሮ የቀሩት ፎቶዎች አምስት ብቻ ናቸው። ሂሮሺማ ውስጥ ያን ዕለት ሰው ምን እንደሆነ ከምድር ላይ ሆነው የሚያሳዩን እነዚያ አምስቱ ናቸው። ሁለቱንም አስተምሮኛል። ሃያውን ደቂቃም፣ አንዷንም ፎቶ።

በዚያ የዶፍ ቀን ጣና ዳር ደርሰን አንድ ተማሪ ስለ ሂሮሺማ ልጆች ማንበብ ጀመረ። አንዲት እናት ከመንገድ ተቀላቅለው መጥተው ነበር። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሦስት እርምጃ ላይ ነበርኩ፤ ብርሃኑም ጥሩ ነበር። ካሜራውን አወረድኩ።

ሲያልቅ ራሳቸው ጠሩኝ። «አነሳኸኝ ልጄ?» «አላነሳሁም እማማ፤ እያለቀሱ ነበር።» ትንሽ ዝም አሉ። «ታዲያ ማን ይወቅልን?» አሉኝ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ልጆቹ የሰጧቸውን የወረቀት ወፍ ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «በል አሁን» አሉ። ወረቀቱ ረጥቦ አንድ ክንፉ ተጣጥፏል። ዓይናቸው ገና ቀይ ነው። ሁለት ጊዜ አነሳሁ። አንዱን አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። ቤታቸው ግድግዳ ላይ፣ ከማርያም ሥዕል ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል።